ከቤጂንግ እስከ ቢሾፍቱ፦ የእስያ ባህላዊ ሕክምና ከዘመናዊው ጋር ሲጣመር ማን ያተርፋል?

በጋምቤላም ሆነ በኪሱሙ፣ በጁባም ሆነ በምዋንዛ ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ክኒን መነሻው ከ1,600 ዓመታት በፊት በቻይና የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። ክኒኑን የሚሰጠው የጤና ባለሙያም ሆነ የሚውጠው ሕመምተኛ ይህን ላያውቁ ይችላሉ። የእስያን ጥንታዊ ሕክምና ከዘመናዊው ሳይንስ ጋር ማጣመር ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ለማየት ግን ለአካባቢያችን ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም።

የዚሁ ሕክምና ሌላ ገጽታም ደጃፋችን ደርሷል። እ.አ.አ በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተ የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ሳቢያ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቷል። በአፍሪካ የአህያ እርድን ያስፋፋው ደግሞ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው «ኢጂያዎ» የተባለ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ገበያ ነው። አንዱ ገጽታ ሚሊዮኖችን ከሞት ያተረፈ ክኒን፣ ሌላው ደግሞ ገበሬውን ያለ ጭነት እንስሳ የሚያስቀር ንግድ ነው።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሳበው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.አ.አ በግንቦት 2025 የተካሄደው የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ 2034 የሚዘልቅ የባህላዊ ሕክምና ስትራቴጂ አጽድቋል። ስትራቴጂው አገራት ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ ባህላዊ ሕክምናን ከጤና ሥርዓታቸው ጋር እንዲያጣምሩ ይጠይቃል። በዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎም በ2022 በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ በጃምናጋር ከተማ፣ ለዚሁ ዓላማ ዓለም አቀፍ ማዕከል ለማቋቋም የመሠረት ድንጋይ አኑሯል። የሕንድ መንግሥት ለማዕከሉ 250 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቷል። እንደ ድርጅቱ መረጃ ከ194 አባል አገራት 170ዎቹ ሕዝባቸው ባህላዊ ሕክምናን እንደሚጠቀም አሳውቀዋል።

የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታትም «አጣምሩ» ከተባሉት መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ ማጣመር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የእስያ አገራት ራሳቸው አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

ከመጽሐፍ ወደ ክኒን

የመጀመሪያው መንገድ ባህላዊውን ዕውቀት እንደ ጥቆማ ወስዶ በቤተ ሙከራ ማጣራት ነው። የዚህ መንገድ ዋና ምሳሌ አርቴሚሲኒን ነው።

በቬትናም ጦርነት ወቅት የሰሜን ቬትናም ወታደሮች ከጥይት ባልተናነሰ በወባ ይረግፉ ነበር። ቻይና እ.አ.አ በግንቦት 23 ቀን 1967 «ፕሮጀክት 523» የተሰኘ ምስጢራዊ ምርምር ጀመረች። ከሁለት ዓመት በኋላ በቤጂንግ የባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ተመራማሪ የነበሩት ቱ ዮዮ አንዱን ቡድን እንዲመሩ ተመደቡ። ቡድኑ ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት አዘገጃጀቶችን መረመረ፤ ከ200 ገደማ ዕፅዋትም ከ380 በላይ ጭማቂዎችን አዘጋጅቶ ፈተሸ።

ተስፋ የተጣለበት «ቺንግሃዎ» የተባለው ተክል ነበር። በአገራችን ከሚታወቁት ጭቁኝና አሪቲ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ወገን ይመደባል። ይሁንና ቅጠሉ ተፈልቶ ሲሞከር ውጤቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ አስቸገረ። ቱ ዮዮ ወደ ጥንታዊ መጻሕፍት ተመለሱና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የጻፈውን አገኙ። ጸሐፊው ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ስለመጠጣት እንጂ ስለማፍላት አያወሳም። ምናልባት ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆን? ቡድኑ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር ተጠቅሞ ንጥረ ነገሩን አወጣ። በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በሙከራ እንስሳት ላይ የነበረውን የወባ ተሐዋሲ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ቱ ዮዮና ባልደረቦቻቸው ደኅንነቱን ለማረጋገጥ መድኃኒቱን በራሳቸው ላይ ሞከሩት።

ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2004 ከአርቴሚሲኒን ዝርያዎች አንዱ የሚገኝበትን፣ በተለምዶ «ኮአርተም» የሚባለውን መድኃኒት ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ አደረገች። ቱ ዮዮ ደግሞ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሽልማት ኮሚቴው አባላት በወቅቱ ሽልማቱ በባህላዊ ሕክምና መነሻነት ለተገኘ አዲስ መድኃኒት እንጂ ለባህላዊ ሕክምናው ራሱ እንዳልተሰጠ ለማስረዳት ተገደዋል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጌ ሆንግ ጥቆማውን ሰጥቷል፤ ከጥቆማው እስከ ክኒኑ ድረስ ግን መለየት፣ መመጠን፣ በእንስሳትና በሰው ላይ መሞከር፣ ያልሠራውንም መጣል ነበረበት። በተመሳሳይ መንገድ የቻይናዋ ሃርቢን ከተማ ሐኪሞች በ1970ዎቹ አርሴኒክ የተባለው መርዝ የሚገባበትን የአካባቢው ባህላዊ ቅመም መርምረው ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሆን መድኃኒት አስገኝተዋል። በአሜሪካም በ2000 ፈቃድ አግኝቷል።

በአንድ ሐኪም እጅ

ጃፓን ሌላ መንገድ መርጣለች። ከቻይና ሄዶ በጃፓን ምድር መልኩን የቀየረው «ካምፖ» የተሰኘው የዕፅዋት ሕክምና ከ1976 ጀምሮ በብሔራዊው የጤና መድን በስፋት ይሸፈናል። ዛሬ በመድኑ ዝርዝር ውስጥ 148 ቀመሮች አሉ። ቀመሮቹ በፋብሪካ ተመጥነው የሚመረቱ ሲሆን፣ የሚያዝዛቸውም ዘመናዊ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። የሕክምና ተማሪዎችም ካምፖን በመደበኛ ትምህርታቸው ይማራሉ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ሕመምተኛው የሚወስደው ሁሉ በአንድ ሰው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ይህ ጥንቃቄ እንኳ ጉዳትን ሙሉ በሙሉ አላስቀረም። በ1990ዎቹ «ሾሳይኮቶ» የተባለው የካምፖ ቀመር ለጉበት ሕመምተኞች በብዛት ይታዘዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ በተለይ ኢንተርፌሮን ከተሰኘው ዘመናዊ መድኃኒት ጋር አብረው በወሰዱት ላይ ከባድ የሳንባ ብግነት ታየ፤ የሞቱም ነበሩ። መንግሥት ሁለቱ አብረው እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ለሐኪሞችም ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጉዳቱ ሊታወቅ የቻለው ማን ምን እንደወሰደ የሚናገር መዝገብ በመኖሩ ነው።

ሁለት በሮች

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን ሕክምናዎች ጎን ለጎን ማቆም ነው። ደቡብ ኮሪያ ለዘመናዊና ለባህላዊ ሐኪሞች የተለያየ ፈቃድ ትሰጣለች። ውጤቱ በሁለቱ ሙያዎች መካከል ለአሥርታት የዘለቀ የድንበር ክርክር ነው። በታኅሣሥ 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባህል ሐኪሞች የአልትራሳውንድ መሣሪያ መጠቀማቸው ወንጀል እንዳልሆነ ሲወስን ዘመናዊ ሐኪሞቹ በብርቱ ተቃውመዋል።

ሕንድ ውስጥ ክርክሩ አደባባይ ወጥቷል። መንግሥት በ2014 ለአዩርቬዳ፣ ለዮጋና ለመሳሰሉት ሕክምናዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቋመ። በ2020 ደግሞ በአዩርቬዳ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ሐኪሞች 58 ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎችን እንዲሠለጥኑና እንዲሠሩ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። የሕንድ ሕክምና ማኅበር «ቅይጥ ሕክምና» ሲል ኮንኖት በታኅሣሥ 11 የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የደንቡ ደጋፊዎች በበኩላቸው በገጠር ቀዶ ሐኪም በማይገኝበት አገር የሠለጠነን ሰው ማገድ ማንን ይጠቅማል ብለው ይሞግታሉ።

ይህ ሙግት ለምሥራቅ አፍሪካ ባዕድ አይደለም። የሐኪም እጥረት ባለበት ሁሉ ማጣመር ከዕውቀት ጥያቄነት ወደ በጀት ጥያቄነት ይለወጣል። ቻይናም ብትሆን በ1950ዎቹ ሁለቱን ሕክምናዎች የማስተባበር ፖሊሲ የነደፈችው ዘመናዊ ሐኪሞቿ ለሕዝቧ ብዛት ፈጽሞ በማይበቁበት ጊዜ ነበር። ፖሊሲው የሕክምና አገልግሎትን ወደ ገጠር አድርሷል። ነገር ግን ባህላዊው ሕክምና ሀብታም አገር ከሆነችም በኋላ የብሔራዊ ኩራትና የወጪ ንግድ ጉዳይ ሆኖ ቀጥሏል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የቻይና ሕግ ከጥንታዊ መጻሕፍት የተወሰዱ የታወቁ ቀመሮች በሰው ላይ ክሊኒካዊ ሙከራ ሳይደረግባቸው እንዲመዘገቡ በር ከፍቷል። ቱ ዮዮ ያለፉበትን ፈተና እነዚህ ቀመሮች እንዲዘሉት ተፈቀደላቸው ማለት ነው።

የተፈጥሮ ነው ማለት ደኅና ነው ማለት ነው?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ የሚገኝ ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የቻይና ዕፅዋት ዱቄት ይሰጥ ነበር። የሁለት ዕፅዋት የቻይንኛ ስም በመመሳሰሉ ስቴፋኒያ በተባለው ተክል ፈንታ አሪስቶሎኪያ የተባለው መርዛማ ተክል ገባ። ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ተዳረጉ፤ ካንሰር የታየባቸውም ነበሩ። ይህ የሆነው በመንደር መድኃኒተኛ ቤት ሳይሆን በአውሮፓ መዲና፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ሐኪሞች እጅ ነው።

በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። «ዳንሸን» የተባለው ለልብ የሚሰጥ የቻይና ሥር ደም እንዳይረጋ ከሚታዘዘው ዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ የመድማት አደጋን ይጨምራል። የመርፌ ሕክምና ወይም አኩፓንክቸር በአንጻሩ በሠለጠነ ሰውና በንጹሕ መርፌ ከተሠራ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመምም የተወሰነ እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ። ከእፎይታው ምን ያህሉ ከመርፌው፣ ምን ያህሉ ከሕመምተኛው እምነት የመጣ ነው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል።

ስለዚህ «የእስያ ባህላዊ ሕክምና ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ ትክክለኛ መልስ አያስገኝም። ጥያቄው የትኛው መድኃኒት፣ ለየትኛው ሕመም፣ በምን መጠን፣ ከምን ጋር ተሰጥቶ የሚል መሆን ይኖርበታል።

ምሥራቅ አፍሪካ፦ ገዢም አቅራቢም

አካባቢያችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለም። ቻይና ከ1974 ጀምሮ የሕክምና ቡድኖችን ወደ ኢትዮጵያ ትልካለች፤ አኩፓንክቸርም ከነዚህ ቡድኖች ጋር መጥቷል። በታንዛኒያ የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ከ1987 ጀምሮ ከሙሂምቢሊ ሆስፒታል ጋር በኤችአይቪ ሕሙማን ላይ ሠርተዋል። ታንዛኒያ በ2002፣ ኬንያ በ2017፣ ዩጋንዳ በ2019 ባህላዊ ሕክምናን የሚመለከቱ ሕጎች አውጥተዋል።

የአርቴሚሲኒን ተክልም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳ ገበሬዎች ማሳ ላይ በቅሏል። ከዚህ ጋር አንድ አደገኛ ልማድ አብሮ መጥቷል፤ ይኸውም ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ወባን ለማከም መሞከር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን እንደማይደግፍ በግልጽ አስታውቋል። በሻይው ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ዝቅተኛና ተለዋዋጭ ስለሆነ በሽተኛውን አያድንም፤ ይባስ ብሎ የወባ ተሐዋሲው መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ሊሰጥ ይችላል። ማዳጋስካር በ2020 «ኮቪድ ኦርጋኒክስ» የተባለውን ከዚሁ ተክል የተሠራ መጠጥ ለኮሮና መድኃኒት ነው ብላ ስታስተዋውቅ ታንዛኒያን ጨምሮ አንዳንድ መንግሥታት ሙከራው ሳይካሄድ ተቀብለውታል።

መላመዱ ተራ ስጋት አይደለም። አርቴሚሲኒንን በከፊል የመቋቋም ምልክት በኤርትራ፣ በሩዋንዳ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያ ከጥር እስከ ጥቅምት 20፣ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ያን መድኃኒት ማጣት ማለት ለዚህ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

በሌላ በኩል የአህያ ቆዳው ንግድ ማጣመር ከገበያ ጋር ሲጋባ የሚያስከትለውን ያሳያል። ኬንያ ከ2016 ጀምሮ አራት የአህያ ቄራዎችን ፈቀደች፤ የስርቆት እርድ ሲበዛና የአህያ ቁጥር ሲመናመን በ2020 እገዳ ጣለች፤ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። በየካቲት 2024 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ በተሰበሰቡበት ጉባኤ የአህያ ቆዳ ንግድን በአህጉር ደረጃ ለመከልከል ተስማሙ። በዓለም ከፍተኛው የአህያ ቁጥር ባለባት ኢትዮጵያ አህያ ውሃ ቀጂ፣ እህል ጫኝ፣ የብዙ ሴቶችንም ሸክም የምታቃልል ናት። የገበሬው ቤት አህያውን ሲያጣ ጀሪካኑ ወደ እናትና ወደ ልጅ ጀርባ ይዞራል። በአንጻሩ «ኢጂያዎ» ደም ያበረታል የሚለው እምነት በጠንካራ ክሊኒካዊ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

ለውጥ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። ቻይና በ2020 የፓንጎሊን ቅርፊትን ከይፋዊው የመድኃኒት ዝርዝሯ አውጥታለች። ግፊት ሲኖር ባህልም ይሻሻላል።

የእንዶድ ትምህርት

ኢትዮጵያውያን የቱ ዮዮን ታሪክ ሲሰሙ አንድ ሰው ትዝ ሊላቸው ይገባል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነው። እናቶች ለሳሙናነት የሚጠቀሙበት ፍሬ ድሃ አገራት በርካሽ ዋጋ በሽታውን የሚከላከሉበት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የተረዱት ያኔ ነው።

አነሳሱ ከአርቴሚሲኒን ጋር ይመሳሰላል፤ ፍጻሜው ግን ይለያያል። ከቱ ዮዮ ጀርባ አንድ ኃያል መንግሥት፣ ብዙ ተቋማትና የጦርነት አጣዳፊነት ነበሩ። ከአክሊሉ ጀርባ አልነበሩም። ዓለም አቀፍ ተቋማት በአፍሪካ የተሠራውን ምርምር አምኖ ለመቀበል ዘገዩ፤ ፍተሻዎቹ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ እንዲደገሙ ጠየቁ፤ ዓመታትም ነጎዱ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ቢያገኙም እንዶድ ያሰቡለትን ያህል ሥራ ላይ አልዋለም። ይልቁንም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ሌላ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ለማጥፋት የመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

ሕንድ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟት ነበር። በ1995 በአሜሪካ በእርድ ቁስልን የማዳን «ፈጠራ» ባለቤትነት ሲሰጥ፣ የሕንድ ተመራማሪዎች ጥንታዊ ጽሑፎቻቸውን አቅርበው ተከራከሩ፤ በ1997ም አሰረዙት። ከዚያ በኋላ ሕንድ የባህል መድኃኒት ዕውቀቷን ለባለቤትነት መርማሪዎች በሚገባ ቋንቋ መዝግባ በዲጂታል ቋት አኑራለች። በኢትዮጵያ ገዳማትና በደብተሮች እጅ ያሉ የመድኃኒት መጻሕፍት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖራቸው ለምርምርም ለሙግትም ይጠቅሙ ነበር። ኮሶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ እንደነበር የሚያስታውሰው ስንቱ ነው?

ለአካባቢው ምን ይበጃል?

ከሦስቱ የእስያ መንገዶች ለምሥራቅ አፍሪካ የማያዋጣው ሁለት በር ከፍቶ ቁጥጥሩን መተው ነው። ደቡብ ኮሪያና ቻይና ለባህላዊው ሕክምና የራሱን ዩኒቨርሲቲ፣ የራሱን ፈቃድ ሰጪና የራሱን መርማሪ ገንብተዋል። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ዘመናዊውን ክኒን እንኳ በወጉ ለመፈተሽ አቅም በሚያንሰው አገር ተጨማሪ በር መክፈት ለነጋዴ እንጂ ለሕመምተኛ አይጠቅምም። የጃፓን መንገድ ከአቅም አንጻር ይቀርባል፤ የተመረጡ ጥቂት መድኃኒቶች፣ የታወቀ መጠን፣ አንድ መዝገብ።

ገንዘብ የማይጠይቅ እርምጃም አለ። በጤና ኬላም ሆነ በሆስፒታል ሕመምተኛው ካርድ ላይ «ምን የባህል መድኃኒት ወስደዋል?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። ዛሬ ብዙዎች ዳማ ከሴ ጠጥተው፣ ኮሶ ወስደው ወይም ከሱቅ የእስያ ዕፅዋት እንክብል ገዝተው ሲመጡ እንዳይቆጧቸው በመስጋት ይደብቃሉ። ያልተነገረውን መድኃኒት ሐኪሙ ሊያውቀው አይችልም። የጉበት ወይም የኩላሊት ጉዳት ሲደርስም መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ስትራቴጂ እስከ 2034 ጊዜ ሰጥቷል። በእነዚህ ዓመታት መንግሥታቱ የሚያወጡት ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ያሻል፤ ወደ ሥነ ሥርዓትና ስምምነት ፊርማ ወይስ ወደ ቤተ ሙከራና ወደ ክሊኒካዊ ሙከራ? አርቴሚሲኒን እየተዳከመ ባለበት በዚህ ወቅት ተተኪው መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። የወባን ሸክም የተሸከመው ይህ አካባቢ የራሱን ዕፅዋት ራሱ የሚፈትሽበት አቅም ከሌለው ግን፣ ጥቆማው ከእኛ መንደር ቢነሳ እንኳ ክኒኑን ከሌሎች ለመግዛት ተራ መጠበቁ አይቀርም።